ከጣና ዳር ወደ ዋልታ፦ በበረዶና በአየር ንብረት ምርምር ለምትጀምሩ

በቴሌግራም የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ይመሳሰላሉ። "ፊዚክስ ነው የተማርኩት፣ የዋልታ ምርምር ውስጥ መግባት እችላለሁ?" "ጂኦሎጂ ጨርሻለሁ፣ የበረዶ ግግር በዓይኔ አይቼ አላውቅም፣ ማን ይቀበለኛል?" መልሱ አዎ፣ ትችላላችሁ ነው። መንገዱ ግን በአንድ የቴሌግራም መልእክት አያልቅም። ስለዚህ የማውቀውን እዚህ ልዘርዝረው።

እኔ የባሕር ዳር ልጅ ነኝ። ፊዚክስ እዚያው ተማርኩ። ማስተርሴን አዲስ አበባ በበልግ ዝናብ ላይ ሠራሁ። አሁን ኖርዌይ፣ በርገን ከተማ ዶክትሬቴን እየሠራሁ ነው። የማጠናው የሰሜን አትላንቲክ ውቅያኖስ ሲቀዘቅዝ የእኛ ክረምት ምን እንደሚሆን ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄውን ከቤት ይዛችሁ ኑ

እናቴ አሁንም ስልክ ስንነጋገር ትጠይቀኛለች፦ "ልጄ፣ የፈረንጅ በረዶ ለእኛ ምን ያደርግልናል?" ጥያቄዋ ተገቢ ነው። አመልካቾችን የሚመርጡ ፕሮፌሰሮችም በሌላ አነጋገር ይህንኑ ይጠይቃሉ። ለሁለቱም የምሰጠው መልስ ጣና ነው።

ከዛሬ 17 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ጣና ደርቆ ነበር። ይህ የታወቀው ከሐይቁ ወለል በቱቦ ተቆፍሮ ከወጣ ደለል ነው። በዚያው ዘመን ሰሜን አሜሪካን ከሸፈነው ግዙፍ በረዶ ላይ ተራራ የሚያካክሉ ቁራጮች እየተገነጠሉ ወደ አትላንቲክ ይገቡ ነበር። የተሸከሙት ድንጋይ ዛሬም በውቅያኖሱ ወለል ላይ ይገኛል። በረዶው ሲቀልጥ ጨው አልባ ቀዝቃዛ ውኃ ባሕሩን ሸፈነ። ሙቀትን ከደቡብ ወደ ሰሜን የሚያጓጉዘው የውቅያኖስ ፍሰት ተዳከመ። የሞቃታማው ቀበቶ ዝናብም አብሮ ተዳከመ። ብዙ ተመራማሪዎች የጣናን መድረቅ የሚያያይዙት ከዚህ ጋር ነው።

ሌላም ምሳሌ አለ። በ1783 አይስላንድ ውስጥ ላኪ የተባለው እሳተ ገሞራ ፈነዳ። የወጣው ድኝ የሰሜኑን ምድር አቀዘቀዘ፣ የአፍሪካና የህንድ የክረምት ዝናብም ተዳከመ። የአባይ ሙላት አነሰ፣ ግብፅ ተራበች። የዚያ ፍንዳታ አሻራ ከግሪንላንድ በረዶ ውስጥ ዛሬም በላቦራቶሪ ይለካል። በዚያ ዓመት ስለ ጎጃም ዝናብ የሚናገር ማስረጃ ግሪንላንድ ላይ ተቀምጧል ማለት ነው።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ያለው ሰው ከሌላው አመልካች ይለያል። የኖርዌይ ልጅ በረዶን ከልጅነቷ ታውቃለች። በበረዶ ልምድ አትበልጧትም፣ መወዳደርም የለባችሁም። የበልግና የክረምትን ልዩነት፣ ዝናቡ ሁለት ሳምንት ሲዘገይ ገበሬ ምን እንደሚያጣ የምታውቁት ግን እናንተ ናችሁ። ጥያቄያችሁ ከዚያ ይነሳ።

አንድ ነገር ግን ከልቤ አደራ እላለሁ። "የአርክቲክ በረዶ ስለቀለጠ ዘንድሮ ድርቅ ሆነ" ብላችሁ አትጻፉ። ከዓመት ዓመት ክረምታችንን በዋናነት የሚያናውጠው የፓስፊኩ ኤልኒኖ ነው። የ2015ን ድርቅ አስታውሱ። የዋልታው ተጽዕኖ ጎልቶ የሚታየው ረጅም ዘመን ሲታይ ነው። ይህንን ለይታችሁ ከጻፋችሁ አንባቢው ወዲያው ያምናችኋል። ካደባለቃችሁ ደግሞ ማመልከቻችሁን እዚያው ላይ ይዘጋዋል።

ቪዛ ሳይጠየቅ የሚጀመር ሥራ

ብዙ ሰው የዋልታ ተመራማሪ ሲባል በረዶ ላይ የቆመ ሰው ይታየዋል። እውነታው ሌላ ነው። አብዛኞቻችን አብዛኛውን ጊዜ የምናሳልፈው ኮምፒውተር ፊት ነው። ዳታው ደግሞ በነጻ ይገኛል። አዲስ አበባም፣ ጎንደርም፣ ጅማም ሆናችሁ ትጀምራላችሁ።

በትንሹ ጀምሩ። የአሜሪካ ብሔራዊ የበረዶና የአይስ ዳታ ማዕከል የአርክቲክን የባሕር በረዶ ስፋት የሚያሳይ ሰንጠረዥ በየቀኑ ያወጣል። መዝገቡ ከ1978 መጨረሻ ይጀምራል። ፋይሉ በጣም ትንሽ ነው፣ በስልክ ኢንተርኔት ይወርዳል። የየዓመቱን መስከረም አውጡና በግራፍ ሣሉት። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ዝቅተኛው ስፋት 7 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። በ2012 ወደ 3.4 ሚሊዮን ወረደ። ይህንን በራሳችሁ እጅ ስትሥሉት አንድ ነገር ታያላችሁ፤ ከ2012 ወዲህ እስከ ዛሬ ያንን ሪከርድ የሰበረ ዓመት የለም። ለምን? ከዚህ ጥያቄ ብቻ ጥሩ ሴሚናር ይወጣል።

ቀጥሎ ኢራ5 የተባለውን የአውሮፓውያን ዳታ ተለማመዱ። ከ1940 ጀምሮ ያለውን የዓለም አየር ሁኔታ በየሰዓቱ ይዟል። ሙሉውን ለማውረድ እንዳትሞክሩ። አንድ መለኪያ ብቻ፣ ወርሃዊ አማካይ ብቻ፣ የኢትዮጵያን ክልል ብቻ ምረጡ። እንዲህ ከተመረጠ የአርባ ዓመት የዝናብ ዳታ ጥቂት ሜጋባይት ነው። መብራት እንደሚሄድ ታውቃላችሁና ዳታውን በዓመት በዓመት ከፋፍላችሁ የሚያወርድ ኮድ ጻፉ። ከተቋረጠበት ይቀጥላል። ደግሞም የኢራ5 ዝናብ ከኮምፒውተር ሞዴል የወጣ እንጂ በዝናብ መለኪያ የተለካ አይደለም። በተራራማ አገር ይሳሳታል። ከ1981 ጀምሮ ካለው ቺርፕስ ከተባለው የሳተላይትና የጣቢያ ዳታ ጋር አስተያዩት። ያ ንጽጽር ራሱ የማስተርስ ሥራ ይሆናል።

መሣሪያው ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ኤክስአሬይ የተባለውን ፓኬጅ በደንብ ያዙ። ላፕቶፓችሁ ደካማ ከሆነ ኮዱን በኢንተርኔት የሚያስኬደው ጉግል ኮላብ ላይ ሥሩ። ሊኑክስ የተባለውን የኮምፒውተር ሥርዓትና የኮድ ለውጥን የሚመዘግበውን ጊት ቀድሞ ማወቅ የመጀመሪያውን ዓመት በጣም ያቀልላል። የሠራችሁትን ኮድ ሁሉም በሚያየው ጊትሃብ ገጽ ላይ አስቀምጡ። አጭር ይሁን፣ ግን ያለቀ ይሁን። ያለቀ አንድ ግራፍ ካልተጨረሱ አሥር ፕሮጀክቶች ይበልጣል።

ላፕቶፕ ፊት መቀመጥ የማትወዱ ደግሞ ባሌ አለላችሁ። የሳነቴ አምባና ዙሪያው በበረዶ ዘመን በግግር የተሸፈነ ነበር። ግግሩ ገፍቶ የተወው የድንጋይ ክምር ዛሬም ይታያል። የውጭ ተመራማሪዎች እዚያ ሠርተው በታላላቅ መጽሔቶች አሳትመዋል። የእኛ ተማሪዎች ግን እስካሁን ጥቂት ናቸው። ይህ ሁልጊዜ ይቆጨኛል። ለጂኦሎጂ ተማሪ የበረዶ ግግር ትምህርት ከአገር ሳይወጡ የሚጀመርበት ቦታ ነው።

የሚነበብ ኢሜይል

ፕሮፌሰሮች በየሳምንቱ "ዲር ሰር" ብሎ ጀምሮ የትምህርት ታሪክን የሚተርክ ኢሜይል ይደርሳቸዋል። ስኬታማው ኢሜይል አጭር ነው። በአማርኛ ልጻፍላችሁ፣ ወደ እንግሊዝኛ በራሳችሁ አነጋገር መልሱት፦

"ስለ ሰሜን አትላንቲክ መቀዝቀዝና ስለ አፍሪካ ዝናብ የጻፉትን አነበብኩ። ሦስተኛው ሥዕል ላይ የምሥራቅ አፍሪካ ውጤት ከሳህል የተለየ ይመስላል። በልግና ክረምት ለየብቻ ቢታዩ ልዩነቱ ይቀጥል ይሆን? በዚህ ላይ የሠራሁትን አንድ ገጽ አያይዣለሁ። በሚቀጥለው ዓመት የዶክትሬት ቦታ ይኖርዎት እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ።"

በቃ። ውጤታችሁና ሲቪያችሁ በአባሪ ይሂዱ። መልስ ካልመጣ ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ አስታውሱ። ከዚያ ወደ ሌላ ሰው እለፉ። ዝምታ ንቀት አይደለም፣ ብዙ ጊዜ ገንዘብ የለም ማለት ነው።

የት ይፈለግ? ኖርዌይ ውስጥ ዶክትሬት ሥራ ነው። ማስታወቂያው ጆብኖርጌ የተባለው ገጽ ላይ ይወጣል፣ ደመወዝ ይከፈላል፣ በዓመት ከታክስ በፊት ከ500 ሺህ ክሮነር በላይ ነው። ቆይታው ሦስት ዓመት ነው፣ ማስተማር ከተጨመረበት አራት። ማስተርስ ግን ተለውጧል። ከ2023 መኸር ጀምሮ ከአውሮፓ ውጭ የሚመጣ ተማሪ የትምህርት ክፍያ ይከፍላል። ስለዚህ ለማስተርስ ጀርመንንና የጀርመኑን የትምህርት ልውውጥ ተቋም የዳድን ስኮላርሺፕ፣ ወይም የአውሮፓ ኅብረትን ስኮላርሺፕ ኢራስመስ ሙንደስን አስቀድሙ። ብሬመርሃፈን የሚገኘው አልፍሬድ ቬገነር ኢንስቲትዩት በዋልታ ምርምር ከዓለም ትላልቆቹ አንዱ ነው። ስዊድንም የዶክትሬት ተማሪን እንደ ሠራተኛ ትቀጥራለች። የመላው አውሮፓ ማስታወቂያ ዩራክሰስ የተባለው ገጽ ላይ ይገኛል።

ደቡብ አፍሪካን አትርሱ። አንታርክቲካ ላይ ጣቢያ ያላት ብቸኛ የአፍሪካ አገር ናት። ኤስ ኤ አጉላስ 2 የተባለችው የበረዶ ሰባሪ መርከቧ ተማሪዎችን ይዛ ወደ ደቡብ ትጓዛለች። ለውቅያኖስ ጥናት ኬፕታውን በጣም ጥሩ ምርጫ ነው።

ስለ ወረቀት ጉዳይ አሁኑኑ ተነሱ። ኮስት ሼሪንግ ያልጨረሰ ሰው ኦሪጅናል ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ለማግኘት ይቸገራል። ብዙዎች ቴምፖራሪውን ይዘው ዓመታት ይቆያሉ፣ ቦታው ሲገኝ ጊዜው ያልቅባቸዋል። ሪኮመንዴሽን የሚጽፉላችሁን መምህር ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ጠይቁ። ከእሳቸው ጋር የሠራችሁትን በአንድ ገጽ ጻፉላቸው። ደግ መምህር እንኳ ከብዙ ተማሪ መካከል ዝርዝሩን ሊያስታውስ አይችልም።

የመጀመሪያው ዓመት

እዚህ ጋ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ ብዙ ጎበዝ ሐበሻ የሚደክመው እዚህ ነውና።

እኛ ያደግነው መምህርን አንቱ ብለን ነው። በርገን ውስጥ ፕሮፌሰሯን በመጀመሪያ ስሟ ትጠራላችሁ፣ ስብሰባ ላይም "እዚህ ጋ አልተስማማሁም" ትሏታላችሁ። እሷም ይህንን ትጠብቃለች። ዝም ያለ ተማሪ ጨዋ ሳይሆን ያልገባው ይመስላቸዋል። ይህ ያማል፣ አውቃለሁ። መፍትሔው ቀላል ነው። ከእያንዳንዱ ስብሰባ በፊት አንድ ጥያቄ ጽፋችሁ ግቡ። መጀመሪያ እሱን ጠይቁ። ከስብሰባው በኋላ የተስማማችሁበትን በአምስት መስመር ጽፋችሁ ላኩ። ይህች ኢሜይል ብዙ አለመግባባት ታስቀራለች። አማካሪያችሁ ከስድስት ወር በኋላ "ይህን አላልኩም" ብትል እንኳ የሚጠቀስ ነገር አለ።

ሁለተኛ፣ ብቻችሁን አትታገሉ። ኮድ ለሁለት ቀን እምቢ ካላችሁ ጎረቤታችሁን ጠይቁ። የራሳችሁን ውጤት በየሳምንቱ ለሰው አሳዩ፣ ያልተጠናቀቀም ቢሆን።

ሦስተኛ፣ ጨለማው። በርገን ውስጥ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ቀኑ አጭር ነው፣ ዝናቡም አያባራም። ቫይታሚን ዲ ሐኪም ጠይቃችሁ ውሰዱ። በቀን አንዴ በብርሃን ውጡ። ቅዳሜ አብራችሁ ቡና የምታፈሉት ሰው ፈልጉ። ይህ ከምርምር ውጭ የሆነ ምክር አይደለም፤ ብቸኝነት ያቋረጠው ዶክትሬት ብዙ ነው።

ስለ ገንዘብም ለቤተሰብ ቀድማችሁ ተናገሩ። ክሮነሩ በብር ሲመነዘር ብዙ ይመስላል። የቤት ኪራዩንና ታክሱን ቁጭ ብላችሁ በቁጥር አስረዱ። በየወሩ የምትልኩትን ወስኑና እሱን አታቋርጡ።

ሰው የምታውቁበት

ኤፔክስ የጀማሪ ዋልታ ተመራማሪዎች ማኅበር ነው። በ2007 ዓለም አቀፉ የዋልታ ዓመት ሲጀመር ተመሠረተ። አባልነቱ ነጻ ነው፣ በኢንተርኔት የሚሰጡ ውይይቶች አሉት፣ አዲስ አበባ ሆናችሁም ትመዘገባላችሁ። ዛሬውኑ ተመዝገቡ።

የአውሮፓ ጂኦሳይንስ ኅብረት ጉባኤ በየዓመቱ በፀደይ ቪየና ላይ ይካሄዳል። አጭር ጽሑፍ የሚገባው ብዙውን ጊዜ ጥር ላይ ነው፣ ለጀማሪዎች የጉዞ ድጋፍም አለው። ከአገር ቤት የምትመጡ የቪዛ ቀጠሮውን ተቀባይነት ከማግኘታችሁ በፊት መፈለግ ጀምሩ። ስለ በረዶ ግግር ጠለቅ ብሎ ለመማር ሰሜን ጣሊያን፣ ካርትሃውስ መንደር የሚካሄደው ኮርስ ዝነኛ ነው።

በረዶው ላይ ስትወጡ

ስቫልባርድ ላይ፣ 78 ዲግሪ ሰሜን፣ ዩኒስ የተባለ የዩኒቨርሲቲ ማዕከል አለ። የትምህርት ክፍያ የለውም። ሌላ ዩኒቨርሲቲ የተመዘገበ የማስተርስ ወይም የዶክትሬት ተማሪ ለጥቂት ሳምንታት ኮርስ ይወስዳል። ለእኛ ፓስፖርት አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ስቫልባርድ ከሸንገን ውጭ ናት። በሸንገን ቪዛ የምትሄዱ ከሆነ ሁለት ጊዜ መግቢያ ያለው መሆን አለበት፣ አለዚያ ወደ ኦስሎ መመለሻ የላችሁም። የኖርዌይ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ግን ይህ አያስጨንቀውም።

ከሎንግየርብየን ከተማ ውጭ ያለ ጠመንጃና ያለ ምልክት ሽጉጥ አይኬድም፣ የዋልታ ድብ አለ። ሥልጠናው ይሰጣችኋል። ጠመንጃ ነክታችሁ የማታውቁ ከሆነ ተናገሩ፣ ጊዜ ወስደው ያስተምራሉ።

ልብስ፦ ከውስጥ ሱፍ እንጂ ጥጥ አትልበሱ፤ ጥጥ ላብ ይይዛል፣ የያዘው ላብ ያቀዘቅዛል። ባትሪ ደረት ኪስ ውስጥ ይቀመጥ፣ ብርድ ይጨርሰዋል። በእርሳስ ጻፉ፣ የእስክሪብቶ ቀለም ይረጋል። ረጅም ሹሩባ ከራስ ቁር ሥር አይገባምና ከመሄዳችሁ በፊት ዝቅ አድርጋችሁ ተሠሩ።

አሁን የምለውን በሥልጠና ላይ ብዙ ጊዜ አይነግሯችሁም። ጓደኛሞች እርስ በርስ ፊት እየተያዩ የብርድ ጉዳት ምልክት ይፈልጋሉ። የሚፈልጉት የነጣ ነጥብ ነው። በጠቆረ ቆዳ ላይ ግን ምልክቱ አመድማ ወይም ግራጫ ሆኖ ሊታይ ይችላል፣ ስለዚህ ያልፋቸዋል። ለቡድናችሁ ቀድማችሁ ንገሩ። ጉንጭ፣ አፍንጫ ወይም ጣት ከደነዘዘ ሥራው ይቁም። "ትንሽ ነው፣ ይለፍ" አትበሉ። ደካማ ላለመባል ዝም ማለት ጣት ያስከፍላል።

ጾም ለምትጾሙ፦ የስቫልባርድ ዋናው የበረዶ ላይ ሥራ መጋቢትና ሚያዝያ ነው፣ ከሁዳዴ ጋር ይገጥማል። ለምግብ አዘጋጁ ከወር በፊት ጻፉ። ቪጋን ብትሉ ወዲያው ይገባቸዋል። እኔ ሽሮና በርበሬ በደንብ አሽጌ እይዛለሁ፣ ሙቅ ውኃ ካለ ሽሮ ይሠራል። በብርድ የሚሠራ ሰው ብዙ ጉልበት ያስፈልገዋልና ኦቾሎኒና ተልባ ጨምሩበት። ከንስሐ አባታችሁ ጋርም ተማከሩ። ሙስሊም ጓደኞቼ ረመዳን ጀምበር በማትጠልቅበት ጊዜ ሲመጣ የሌላ ከተማ ሰዓት ይከተላሉ፤ የትኛውን እንደሚከተሉ ከሼሃቸው ጋር ከጉዞው በፊት ይወስናሉ።

አንታርክቲካ የሚሄድ ሰው ሙሉ የጤናና የጥርስ ምርመራ ያልፋል። ጥርሳችሁን አገር ቤት አሠርታችሁ ብትመጡ በዋጋ በጣም ይረክሳል።

ከዶክትሬቱ በኋላ

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ቋሚ ሥራ ጥቂት ነው። ቀጣዩ እርምጃ ብዙውን ጊዜ የሁለት ወይም የሦስት ዓመት ኮንትራት ነው። የአውሮፓ ኅብረት የማሪ ኩሪ ድጋፍ ለማንኛውም ዜግነት ክፍት ነው። ግን ካለፉት 36 ወራት ከ12 ወር በላይ በኖራችሁበት አገር ልትጠቀሙበት አትችሉም። በርገን የተመረቀ ሰው በርገን ለመቆየት አይሆነውም ማለት ነው። ሁለተኛ አገርና ሁለተኛ አማካሪ ከመመረቃችሁ ከአንድ ዓመት በፊት ፈልጉ። ጉባኤ ላይ የተዋወቃችሁት ሰው የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው።

ወደ ቤት የሚያመለክተውንም መንገድ ክፍት አድርጉት። ናይሮቢ የሚገኘው የኢጋድ የአየር ንብረት ትንበያ ማዕከል ኢክፓክ ከእያንዳንዱ የዝናብ ወቅት በፊት የቀጣናውን ትንበያ የሚያወጣ ጉባኤ ያካሂዳል። ለግሪንላንድ የተማራችሁት የሞዴልና የስታቲስቲክስ ሙያ እዚያ በቀጥታ ይሠራል። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ባለሙያዎችም የጣቢያ ዳታውን ከማንም በላይ ያውቁታል። እኔ ለዕረፍት አዲስ አበባ ስሄድ ሴሚናር እሰጣለሁ፣ ከእነሱም ጥያቄ ይዤ እመለሳለሁ። የዶክትሬቴ አንድ ምዕራፍ ከእንዲህ ዓይነት ጥያቄ ነው የወጣው። የመጀመሪያ ጽሑፋችሁ ሲታተም ፒዲኤፉን ከኮዱና ከዳታው ጋር ለተመረቃችሁበት ትምህርት ክፍል ላኩ። ቀጣዩ የማስተርስ ተማሪ ኮዱን በራሱ ወረዳ ዝናብ ላይ ሊሞክረው ይችላል።